ባልና ሚስት በተራራ ላይ ስለሚያደርጉት የዕረፍት ጉዞ
ከሉማሜ እስከ ጮቄ



በአገራችን ልማድ ባልና ሚስት አብረው ከቤታቸው የሚወጡበት ምክንያት የታወቀ ነው። ወይ ለሠርግ ነው፤ ወይ ለልቅሶ ነው፤ ወይ ለክርስትና ወይም ለንግሥ ነው። ከዚህ ውጭ ሁለቱ ብቻቸውን፥ አንዳች ጉዳይ ሳይኖራቸው፥ በእግራቸው ተራራ ለመውጣትና በሰው አገር ማዕድ ለመቅረብ ከቤታቸው ቢነሡ፥ ያየ ሁሉ «ምን ሆኑ?» ብሎ መጠየቁ አይቀርም። እኛም ከባለቤታችን ጋር በ2015 ዓ.ም. የጥምቀት በዓል ካለፈ በኋላ ወደ ሉማሜና ወደ ጮቄ ተራራ ለስድስት ቀን በሄድን ጊዜ ይኸው ጥያቄ ከዘመድም ከጎረቤትም ቀረበልን። አንዱ የታመመ ዘመድ እንዳለን፥ ሁለተኛው የርስት ክርክር እንደ ገጠመን፥ ሦስተኛው ስለት እንደ ተሳልን ጠየቀን። «ለማረፍ ነው» ብለን በመለስንላቸው ጊዜ ግን፥ ቃላችንን አንድ የተደበቀ ነገር እንዳለበት አድርገው ተቀበሉት።

በዚህ በቤተ ሰብ ገጽ ላይ ስለዚያ ጉዞ ልንጽፍ የወደድነው የተራራውን ውበት ለማመስገን ብቻ አይደለም። በ22 ዓመት ትዳር ውስጥ ዓይናችን ሥር ሆኖ ያላየነውን ነገር በስድስት ቀን መንገድ ስላየነው፥ ይህንኑ ለአንባቢዎቻችን ብንገልጽ ይጠቅማል ብለን ነው።

ተራራ ለአባቶቻችን እንግዳ ነገር እንዳልነበረ የታወቀ ነው። መነኩሴው ለጸሎት፥ ሽፍታው ለመሸሸጊያ፥ ሠራዊቱ ለምሽግ፥ እረኛው ለግጦሽ ወጥቶበታል። ለደስታ ብሎ ተራራ መውጣት ግን በሌላውም ዓለም ቢሆን እጅግ የቆየ ልማድ አይደለም። በአውሮፓ ሞን ብላን የሚባለው ታላቅ ተራራ ለመጀመሪያ ጊዜ የተወጣው በ1786 እ.ኤ.አ. ሲሆን፥ የእንግሊዝ ተራራ ወጪዎች በሎንዶን ማኅበር ያቆሙት በ1857 እ.ኤ.አ. ነው። ባልና ሚስት አብረው ረጅም መንገድ መሄዳቸውም በታሪክ ያለ ነገር ነው። ዳግማዊ አፄ ምኒልክና እቴጌ ጣይቱ በ1888 ዓ.ም. ወደ ዐድዋ አብረው ዘምተዋል። እንግሊዛዊው ሳሙኤል ቤከርም የዓባይን ገባሮች ለመመርመር በ1861 እ.ኤ.አ. ኋላ ሚስቱ ከሆነችው ከፍሎረንስ ጋር የአትባራንና የሰቲትን ወንዝ አገር ዞሯል። ነገር ግን የመጀመሪያው ዘመቻ ነው፤ ሁለተኛው ምርመራ ነው። ባልና ሚስት ለራሳቸው ዕረፍት ብለው መንገድ መያዛቸው ለእኛ ገና አዲስ ነው።

ከቤት ውጭ መብላትም እንደዚሁ ነው። እቴጌ ጣይቱ በ1900 ዓ.ም. ገደማ በአዲስ አበባ ሆቴላቸውን በከፈቱ ጊዜ፥ መኳንንቱ ምግብ በገንዘብ ገዝቶ በአደባባይ መብላትን እንደ ነውር ቈጥረውት ስለ ነበረ፥ አፄ ምኒልክ ራሳቸው መኳንንቱን እየጋበዙና ገንዘቡን እየከፈሉ እንዳለማመዷቸው ይነገራል። ያ ነውር ዛሬ ከባሎች ዘንድ ጠፍቷል፤ ወንዱ በየምግብ ቤቱ ይበላል። ከሚስቶች ዘንድ ግን ገና ያልጠፋ ይመስለናል። ብዙዪቱ የቤት እመቤት ሌላ ሰው የሠራው ማዕድ ሲቀርብላት የምትቀመጥበት ቦታ ይጠባታል።

ለጉዞው ያነሣሣን ነገር አንድ ወሬ ነው። በ2015 ዓ.ም. በታኅሣሥ ወር የተባበሩት መንግሥታት የቱሪዝም ድርጅት ከየአገሩ ምርጥ የቱሪዝም መንደሮች ብሎ ከዘረዘራቸው መካከል የጮቄ ተራሮች ኢኮቪሌጅ የተባለው የጎጃም መንደር መቈጠሩን ሰማን። ባለቤታችን ይህን በሰማች ጊዜ፥ «የፈረንጅ አገር ሰው ከሩቅ መጥቶ የሚያየውን እኛ በአንድ ቀን መንገድ ሳለን አላየነውም» አለች። እኛም ነገሩን በቀልድ ልናሳልፈው ስንል የተጋባንበት ጥር እየቀረበ መሆኑን አስታወሰችን። ከእናቷ ቤት የመጣው አገልግልም ከተሰቀለበት ወረደ። ቆዳው በቅቤ ታሸ፤ ድፎ ዳቦ፥ ዳቦ ቆሎ፥ ቋንጣና በሶ ተዘጋጀ።

ከአዲስ አበባ እስከ ደብረ ማርቆስ ያለው መንገድ 300 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ጎሐ ጽዮን ከደረሱ በኋላ የዓባይ ሸለቆ በድንገት ይከፈታል። ከጎሐ ጽዮን እስከ ደጀን ያለው 40 ኪሎ ሜትር የሚያህል ጠመዝማዛ መንገድ ከደጋው ጫፍ ተነሥቶ ከ1,000 ሜትር የሚበልጥ ቁልቁለት ይወርዳል፤ ወንዙንም በጃፓን መንግሥት ርዳታ ተሠርቶ በ2000 ዓ.ም. መጨረሻ በተመረቀው በሕዳሴ ድልድይ ከተሻገረ በኋላ እንደ ገና ያንኑ ያህል ይወጣል። አየር በየ1,000 ሜትሩ ከፍታ 6 ዲግሪ ተኩል ያህል ስለሚቀዘቅዝ፥ በደጋው ላይ የለበስነውን ካፖርት ከድልድዩ አጠገብ አወለቅን፤ ደጀን ስንደርስም እንደ ገና ለበስን።

ሉማሜ የአዋበል ወረዳ ዋና ከተማ ናት፤ የምትገኘውም በደጀንና በደብረ ማርቆስ መካከል በዋናው መንገድ ላይ ነው። መንገደኛው ሁሉ ወደ ደብረ ማርቆስ ሲጣደፍ ያልፋታል እንጂ አይቆምባትም። እኛ ሁለት ቀን የተቀመጥንባት እግራችንን ለማለማመድ ነው። ዓመቱን ሙሉ በወንበር ላይ የተቀመጠ ሰው በአንድ ጊዜ ተነሥቶ 4,000 ሜትር ከፍታ ወዳለው ተራራ ቢወጣ ጕልበቱ ይከዳዋል፤ ልቡም ይደክማል። በሉማሜ ዙሪያ ያለው አገር ደግሞ ሜዳማ ነው፤ በስተ ሰሜን የጮቄ ሰንሰለት እንደ ሰማያዊ ግንብ ተዘርግቶ ይታያል። ስለዚህ ሰው የሚሄድበትን እያየ እግሩን ያሠለጥናል።

የጥር ወር በዚያ አገር የአውድማ ወቅት ነው። በየሜዳው የጤፍ ክምር ቆሞ፥ በሬዎች በአውድማው ላይ እየዞሩ ሲያበራዩ፥ ገለባው በነፋስ እንደ ወርቅ ብናኝ ይነሣል። በጥቁሩ መሬት ላይ የሽምብራው እሸት ደርሷል። ከአንዱ አውድማ አጠገብ ስናልፍ «በረከት ይግባበት» ብንል፥ ባለ አውድማው በሬዎቹን አቁሞ፥ «አሜን፤ ቤት ለእንግዳ» ብሎ ጠላና ቆሎ አቀረበልን። ልጆቹም የሽምብራ እሸት በክንዳቸው ሙሉ ነቅለው አመጡልን። እኛ በክምሩ ጥላ ሥር ተቀመጥን። ባለቤታችን ግን ጥዋው ባዶ በሆነ ቍጥር ተነሥታ ከማድጋው ትቀዳ ነበር። የባለ አውድማው ሚስት ሁለት ጊዜ ከእጇ ተቀበለቻት፤ በሦስተኛው ጊዜ ተሳሳቁና ተዉት። እኛ ይህን ስናይ ጨዋነቷን አደነቅን እንጂ ሌላ ነገር አላሰብንም።

በምሳ ሰዓት ከአንድ ብሳና ጥላ ሥር አገልግሉ ተከፈተ። ስለ ምግብ ከተነሣ፥ አገልግልን የመሰለ የመንገድ ዕቃ በሌላ አገር መኖሩን እንጠራጠራለን። ውስጡ ከሣር የተሠፋ፥ ውጩ በቆዳ የተለበጠ ስለ ሆነ እንጀራውን ሳያደርቅ፥ ወጡንም ሳያፈስ ከጧት እስከ ማታ ያቆየዋል፤ በማንገቻውም ይንጠለጠላል። ባለቤታችን እንጀራውን ዘረጋች፤ ወጡን አወጣች፤ ጕርሻውንም ለእኛና ለመንገድ መሪው ልጅ ሰጠች። ራሷ መብላት የጀመረችው እኛ እጃችንን ከታጠብን በኋላ ነበር። ይህንንም አየነው፤ ግን አላስተዋልነውም።

በሦስተኛው ቀን ወደ ደብረ ማርቆስ አለፍን። ከተማዪቱ ቀድሞ መንቆረር ትባል ነበር። በ1873 ዓ.ም. በአፄ ዮሐንስ 4ኛ እጅ የጎጃም ንጉሥ ተብለው የነገሡት ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት መናገሻቸው አድርገዋት፥ የቅዱስ ማርቆስንም ቤተ ክርስቲያን ስለ አሠሩባት ደብረ ማርቆስ ተብላለች። ቤተ ክርስቲያኑን ተሳልመን፥ የንጉሡን ቤተ መንግሥት አይተን፥ በማግሥቱ ማለዳ በረቡዕ ገበያ በኩል ወደ ጮቄ አቀናን። አውቶሞቢሉንም ከመንገድ ትተን በእግራችን ተነሣን።

እዚህ ላይ የራሳችንን ጥፋት ሳንሸሽግ እንናገራለን። ዳገቱ በተጀመረ ጊዜ እኛ ከመንገድ መሪው ጋር ስለ አገሩ እየተጨዋወትን ወደ ፊት ቀደምን። መሪያችን ዕድሜው ከ20 ዓመት የማይበልጥ የዚያው አገር ልጅ ነበረ። ስለ ገብሱ፥ ስለ ድንቹ፥ ከሰኔ እስከ መስከረም ስለሚወርደው ጭጋግ ይነግረናል። እንዲህ ሆነን አንድ ሰዓት ያህል ከተጓዝን በኋላ ልጁ ድንገት ቆመና ወደ ኋላው ተመልክቶ፥ «ጋሼ፥ እትዬን የት ጥለዋቸው መጡ?» አለን።

ዞር ብለን ብናይ ባለቤታችን በሩቅ ከታች በድንጋይ ላይ ተቀምጣለች። ወርደን ብንደርስ አዲስ የገዛችው ጫማ ተረከዟን ልጦት፥ ውሃ የቋጠረውም ቈስሎ አገኘነው። «ለምን አልተጣራሽም?» ብለን ጠየቅናት። እርሷም፥ «ብጣራ ዞር ትላለህ ብዬ አላሰብኩም» ብላ መለሰች። በቍጣ አልተናገረችውም፤ እንደ ተራ ነገር አድርጋ ነው የተናገረችው። እኛ ግን ከዚያ ዳገት ይልቅ የከበደን ይህ ቃል ነው። በከተማ ሳለን ወደ መሥሪያ ቤት፥ ወደ ማኅበር፥ ወደ ወዳጅ ቤት ስንሄድ ሁልጊዜ ከፊት ከፊት እንደምንሄድና እርሷ ሦስት አራት እርምጃ ከኋላ እንደምትከተል ያወቅነው ያን ጊዜ ነው። በሜዳ ላይ ሦስት እርምጃ የሆነው በዳገት ላይ የአንድ ሰዓት መንገድ ሆነ።

ተረከዟን በንጹሕ ጨርቅ ካሰርንላት በኋላ ሥርዓቱን ለወጥን። እርሷ ከፊት እንድትሄድ፥ እኛም ከኋላ እንድንከተል ሆነ። አንባቢዎቻችን ይህን እንደ ትሕትና እንዳይቈጥሩብን፤ በተራራ ላይ የታወቀ ደንብ ነው። በከፍተኛ ቦታ አየሩ ስስ ስለ ሆነ የሚፈጥን ሰው ቶሎ ትንፋሽ ያጥረዋል። መሄድ የሚገባው እየተነጋገሩ በሚሄዱበት ልክ ነው፤ አንዱ መናገር ካቃተው ሁለቱም ማረፍ ይገባቸዋል። ስለዚህ የጉዞው ልክ የሚቈረጠው በፈጣኑ ሳይሆን በዝግተኛው ነው። እርሷ ከቀደመች በኋላ እኛ ራሳችን ድካሙ ቀለለን። አንድ ሰዓት ሳናያቸው ያለፍናቸውን አበባዎች፥ የጦስኙንም ሽታ እርሷ እያሳየችን አወቅናቸው።

ወደ ማታ አስቀድመን ባነጋገርነው በአንድ ገበሬ ቤት ደረስን። ቤቱ በገብስ ማሳ መካከል ያለ የሣር ጎጆ ነው። በመደቡ ላይ የበግ አጎዛ ተነጠፈልን። እንደ አገሩ ደንብ የቤቱ እመቤት የሞቀ ውሃ በገበቴ ይዛ የእንግዳ እግር ለማጠብ ወደ እኛ መጣች። እኛም የባለቤታችንን ተረከዝ አይተን ስለ ነበረ ገበቴውን ተቀብለን በፊቷ ተቀመጥን። ባለቤቱ ገበሬ ዓይኑን ወደ ምድጃው መለሰ፤ ልጆቹ አፋቸውን ይዘው ሳቁ፤ ባለቤታችንም እግሯን ሰበሰበች። በማዕዘኑ የተቀመጡት አሮጊት እናቱ ብቻ፥ «ተዉት፤ ጌታም አጥቧል» አሉ። እጃችን ሥራውን ስላልለመደው ቍስሉን ደጋግመን ነካንባት እንጂ ጥሩ አድርገን አላጠብናትም።

ቀኑ ረቡዕ ስለ ነበረ እራቱ የጾም ነው። ምጣዱ ተጣደ። ባለቤታችን በቁስል እግሯ ተነሥታ ወደ ምድጃው ልትሄድ ስትል አሮጊቲቱ በትራቸውን ዘርግተው፥ «የኔ ልጅ፥ ተቀመጭ እንጂ፤ እንግዳ ምድጃ ዳር ምን ይሠራል?» አሏት። እርሷም፥ «እመይቴ፥ ልርዳት ብዬ ነው» ብትል፥ «በቤትሽ ትረጃለሽ፤ እዚህ ትበያለሽ» አሏት። ተቀመጠች። ግን እጇ ሥራ ፈትቶ መቀመጥ አልቻለም፤ አንዴ ነጠላዋን ታጥፋለች፤ አንዴ አጎዛውን ታስተካክላለች። ከዚያ የመጀመሪያዪቱ የገብስ እንጀራ ከምጣዱ ወርዳ፥ እንፋሎቷ እየተነሣ፥ የድንች ወጥና ሽሮ ፈስሶባት ከሁሉ አስቀድሞ በእርሷ ፊት ቀረበች።

ባለቤታችን እንጀራዋን እያየች ጥቂት ጊዜ ዝም አለች። ኋላም በዝግታ፥ «ከእናቴ ቤት ከወጣሁ ወዲህ ትኩስ እንጀራ ከምጣድ ወርዶ ለእኔ ሲቀርብልኝ ይህ የመጀመሪያዬ ነው» አለች።

እኛ በሐሳባችን ወደ ኋላ ተመልሰን ብንቈጥር ቃሏ እውነት ሆኖ አገኘነው። በቤታችን ሠራተኛ አለ። ማዕዳችንም፥ ምስጋና ለእግዚአብሔር፥ ጎድሎ አያውቅም። ግን በስንት በዓል፥ በስንት ግብዣ፥ በስንት ድንገተኛ እንግዳ ላይ ባለቤታችን ቆማ አስተናግዳ የቀዘቀዘውን የበላች መሆኗን አስበነው አናውቅም። እንግዳ ተቀባይነት ስማችን ነው ብለን የምንኮራበት ነገር፥ ስሙ የእኛ፥ ድካሙ የእርሷ ሆኖ 22 ዓመት ኖሯል። ይህንንም የገለጠልን ቤቱን ለቅቆ መውጣት ነው። በቤታቸው ሳሉ ባልና ሚስት እያንዳንዳቸው የታወቀ ቦታ አላቸው፤ በሰው ቤት ግን ሁለቱም እንግዳ ናቸው፤ እኩል ይቀመጣሉ።

በዚያች ሌሊት ስለ ተራራው ምግብም አንድ ነገር ተማርን። ከላይ ባለው አገር ባቄላና አተር ለማብሰል ብዙ እንጨት ለምን እንደሚያስፈልግ ብንጠይቅ ቤተ ሰዎቹ «ብርዱ ነው» አሉን። ነገሩ ግን ከአየሩ ስስነት የመጣ ነው። በ4,000 ሜትር ከፍታ ውሃ የሚፈላው በ100 ዲግሪ ሳይሆን በ87 ዲግሪ ገደማ ስለ ሆነ፥ ምንም ያህል ቢንተከተክ ሙቀቱ ከዚያ አይጨምርም፤ ጥራጥሬውም ቶሎ አይበስልም። አባቶቻችን ይህን በቍጥር ሳያውቁት በሥራ አውቀውታል። ገብሱን አስቀድመው ቆልተው፥ ፈጭተው በሶ ያደርጉታል፤ በሶ ደግሞ ከውሃና ከጨው በቀር እሳት አይፈልግም። ቅቤ ሲገባበት ጭኮ ይሆናል። ከአገልግላችን ውስጥ ከሁሉ ይልቅ የጠቀመን ይኸው በሶ ነው።

በማግሥቱ ገና ሳይነጋ ወደ ላይኛው አገር ወጣን። ጓሳው በአመዳይ ነጥቶ ከእግራችን ሥር እንደ ብርጭቆ ይሰበር ነበር። ጅባራው በየቦታው ቆሟል። ጅባራ ብዙ ዓመት ቅጠሉን ብቻ ይዞ ኖሮ፥ ከሰው ቁመት በብዙ የሚበልጥ የአበባ ዘንግ አንድ ጊዜ ካቆመ በኋላ የሚደርቅ ተክል ነው። ከዚያ ከፍታ ላይ ሆነን ብንመለከት ሸለቆዎቹ በየአቅጣጫው ይወርዳሉ። ሙጋ፥ ሱሃና ጨሞጋ የሚነሡት ከዚሁ ተራራ ነው፤ ሁሉም ጎጃምን ወደሚከበው ወደ ዓባይ ይፈስሳሉ። በመጀመሪያው ቀን በድልድይ ላይ የተሻገርነው ውሃ ከፊሉ ከእግራችን ሥር እንደ ተነሣ ባለቤታችን ለመንገድ መሪው ነገረችው። እርሱም፥ «እትዬ፥ ውሃው ብቻ መሰለዎት? አፈራችንም አብሮ ይወርዳል» አላት።

ልጁ እውነቱን ነው። የጮቄ ዳገት ለብዙ ዘመን ደኑ ተመንጥሮ፥ ገብስና ድንች እስከ ላይ ድረስ ስለሚታረስ፥ ክረምት በመጣ ቍጥር አፈሩ በጎርፍ ይታጠባል። ገበሬው ይህን የሚያደርገው ሌላ የሚበላበት ስለሌለው ነው። በእግሩ መጥቶ፥ በልቶ፥ አድሮ፥ የሚገባውን ከፍሎ የሚሄድ እንግዳ ግን ከማረሻ ሌላ የሆነ ጥቂት እንጀራ ይሰጠዋል። በሰሜን ወሎ በመቄት ወረዳ ከ1996 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ ተስፋ በተባለ ድርጅት ረዳትነት የየመንደሩ ሕዝብ ጎጆ እየሠራ በእግር የሚሄዱትን እንግዶች ሲያሳድርና ሲያበላ፥ ገንዘቡም ለመንደሩ ሲውል ታይቷል። የጮቄውም ተስፋ ከዚህ የሚለይ አይደለም።

እንዲህ ላለ ጉዞ ለሚያስቡ ባልና ሚስት ጥቂት ምክር እንጨምራለን። ወራቱ ከጥቅምት እስከ ጥር ያለው ይሻላል፤ በክረምት ጭቃውና ጭጋጉ መንገድ ይከለክላል። ጫማ አዲስ አይሁን፤ ከአንድ ወር በፊት በቤት ተለምዶ ይምጣ። ሌሊቱ ውርጭ ስለ ሆነ ጋቢና ወፍራም ሹራብ ያስፈልጋል። ከ3,000 ሜትር በላይ ራስ ምታት ቢይዝ ማረፍና ውሃ መጠጣት፥ ራስ ምታቱ ጸንቶ ማስታወክ ቢጨምር ግን ሳይውል ሳያድር ወደ ታች መውረድ ይገባል። አስታውንና ጓሳውን ለማገዶ መቍረጥ ነውር ነው፤ ተመልሶ እስኪበቅል ብዙ ዓመት ይፈልጋል። በሰው ማሳ መካከል አይታለፍ። የቤቱ ሰዎች በይሉኝታ ዋጋ አይነግሩምና አስቀድሞ ተነጋግሮ መክፈል ይገባል። ከሁሉም በላይ ባል የሚስቱን እርምጃ ይጠብቅ።

ይህን ሁሉ ስንጽፍ አንድ ነገር ሳንናገር ማለፍ አይገባንም። እኛ ከተመለስን ሰባት ወር ሳይሞላ፥ በሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ፥ በአማራ ክልል ግጭት ተነሥቶ የአስቸኳይ ጊዜ ዐዋጅ ታወጀ። ከዚያ ወዲህ የጎጃም መንገድ እንደ ቀድሞው ለዕረፍት የሚኬድበት መንገድ አልሆነም። ስለዚህ አንባቢዎቻችንን ዛሬውኑ ተነሥታችሁ ሂዱ አንልም፤ ለሚሄድበትም ሰው የመንገዱን ደኅንነት አስቀድሞ መጠየቅ ግዴታው ነው። በዚያች ጎጆ የተቀበሉን ሰዎች እንዴት እንዳሉ ለማወቅ በስልክ የሞከርነውም አንዳንድ ጊዜ ብቻ ተሳክቷል። በመጨረሻ ባገኘናቸው ጊዜ አሮጊቲቱ የጠየቁን ስለ ባለቤታችን ተረከዝ ነው።

በቤታችን ግን ከጉዞው የተረፈ ነገር አለ። በዕረፍት ቀን ምጣድ ሲጣድ የመጀመሪያዪቱ እንጀራ ለባለቤታችን ትቀርባለች፤ በመጀመሪያ ታፍር ነበር፤ አሁን ትበላለች። እንግዳ ሲመጣ እኛ ተነሥተን እናስታጥባለን፤ እርሷ ከእንግዳው ጋር ተቀምጣ ትጫወታለች። በመንገድ ስንሄድም ዞር ብለን ማየትን ለምደናል፤ አንዳንድ ቀን ግን እንረሳለን። ያን ጊዜ ከኋላችን ሆና «ጋሼ፥ እትዬን የት ጥለዋቸው መጡ?» ትለናለች፤ እኛም ቆመን እንጠብቃታለን።

አገልግሉ ቆዳው በቅቤ ታሽቶ ከቦታው ተሰቅሏል። የጮቄ መንገድ በሰላም የሚኬድበት ጊዜ ሲመጣ እንደሚወርድ ተስማምተናል።